ቀድሞ የወጣ እጅ

የልብስ ሰፊዋን እውነተኛ ስም ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ጡሩምባ እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣላት ድምፅዋ ነው። ከሱቋ ደጃፍ ቆማ "ሱሪህ አልቋል፣ ና ውሰድ!" ብላ ስትጣራ ሱሪ ያልሰጠ ሰው እንኳ ዘወር ይላል። እሁድ እሁድ ደግሞ ያ ድምፅ የሰፈሩ ክለብ ንብረት ነበር። ጡሩምባ ከትሪቡኑ መሃል ብድግ ብላ አንዴ ከጮኸች ከበሮው፣ ጭብጨባውና ዘፈኑ እሷን ተከትሎ ይነሳል። "ዝም!" ስትልም ዝም ይላል።

ሜዳው ከቤቷ ጀርባ ነበር፤ ከተማው አልቆ ባዶው መሬት ሊጀምር ሲል። ትልቅ ነገር አልነበረም። በአንድ ወገን ጣሪያው የሚያፈስ የእንጨት ትሪቡን፣ በሌላው ወገን ሣር የበቀለበት የአፈር ቁልል፣ ከጎሎቹ ጀርባ የብረት አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ የሰው ጓሮ። ኳስ ጓሮ ስትገባ የቤቱ እመቤት በሳሙና አረፋ እጇ መልሳ ትወረውራታለች። የታጠበ አንሶላ ላይ ያረፈች ዕለት ግን ስድቡ እስኪያልቅ ጨዋታው ይቆማል። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ይስቅበት ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን "የኛ" ብሎ የሚጠራው ብዙ ነገር አልነበረውም። ሥራው መሃል ከተማ ነው፣ ሐኪም ቤቱ መሃል ከተማ ነው፣ ደህና ገበያም መሃል ከተማ ነው። ሜዳው ብቻ ነበር የሌላው ሰፈር ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ እነሱ የሚመጣበት።

የብረት አጥሩን የሠራው የጡሩምባ ታላቅ ወንድም ነው። በያጅ ነበር። ዓይኑን የወሰደበት ግን ብየዳው ሳይሆን የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ነው፤ ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ ጎን ጎኑን፣ ኋላ መሃሉንም። ሥራውን ሲተው፣ ባሏ የሞተባት ጡሩምባ በወላጆቻቸው ቤት ከእሱ ጋር መኖር ጀመረች፤ የፊቱን ክፍል ሱቅ አደረገችው።

ዓይኑ ሲጠፋ ከኳስም ይለያል ያሉ ነበሩ። አልተለየም። እሁድ ከሰዓት በጓሮ በር ይወጣና አጥሩን በእጁ እየዳሰሰ ሄዶ ከጎሉ ጀርባ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። የሚመራው ሰው አይፈልግም፤ ሊመራው የሚሞክር ካለ ይቆጣል። እዚያ ሆኖ ኳስ በበረኛው ጓንት ላይ ስታርፍ ይሰማል። ተከላካዩ ሲሳደብ፣ አጥቂው ሲያለከልክ ይሰማል። "በረኛችን ዛሬ ፈርቷል፣ ድምፁ ቀጥኗል" ይላል። የሰፈሩ ቡድን ጎል ሲያገባ ከወንበሩ ተነስቶ አጥሩን በሁለት እጁ ይነቀንቃል። ብረቱ ሲንቋቋ ትሪቡን ላይ ያለችው ጡሩምባ ትሰማውና፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሷ ዘወር ብላ እሱን ታያለች። በሳምንት ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ የሚያስደስታት ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው የክለቡ ሊቀመንበር ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ሱቋ የመጣ ዕለት ነው። ሱሪውን ሰጥቶ አልሄደም፤ የደንበኛ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ አለን" አላት። "ሜዳውን ለአንድ ቤት ሠሪ ድርጅት እንለቃለን። እነሱ ደግሞ እዚሁ ሰፈራችን ጫፍ፣ ከጡብ ፋብሪካው ወዲያ፣ አዲስ ሜዳ ይሠሩልናል። ጣሪያው የማያፈስ፣ መታጠቢያ ቤት ያለው፣ ሰው የማያፍርበት።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ ትልቁ ስታዲየም እንጫወታለን። ለጊዜው ነው።"

"ሰዉ እሺ ይላል ብለው ነው?"

ሊቀመንበሩ ሳቀ። "እኔን መች ይሰማኛል! ሰው የሚሰማው አንቺን ነው።" ከዚያ በሱቁ ውስጥ ዓይኑን አዞረ፤ የስፌት መኪናዋን፣ የክር መደርደሪያውን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የክለቡን ባንዲራ ተራ በተራ አየ። "አዲስ ሜዳ ሲኖረን መለያውም ባንዲራውም እዚሁ ቢሰፋ ደስ ይለኛል። አንቺ እያለሽልን ሌላ ዘንድ ምን ያስኬደናል?"

ኋላ ጡሩምባ ደጋግማ ራሷን የጠየቀችው ይህንን ነበር። እጇን ያስወጣት የማያፈሰው ጣሪያ ነው? የመለያው ስፌት ነው? ወይስ "ሰው የሚሰማው አንቺን ነው" የሚለው ቃል? ራሷን ማታለል ያቃታት ቀን የምታገኘው መልስ የመጨረሻው ነው።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። ወንድሟ ያን ሰሞን ጉንፋን ጥሎት አልጋ ላይ ነበር፤ ቢሻለው ኖሮ ማንም አያስቀረውም። ሊቀመንበሩ የአዲሱን ሜዳ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ አስረዳ። ሥዕሉ ያምራል፤ ዛፉ ሁሉ እኩል ነው፣ ሰማዩ ንጹህ ነው፣ ትሪቡኑ ላይ የተቀመጡት ሰዎች በሙሉ ወጣቶች ናቸው።

ጥያቄ ያለው ሲባል ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ተነሳ። የጡሩምባ ወንድም የልብ ወዳጅ ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ፖስታ ይለዋል። ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ሰው ጆሮውን ማቆም ነበረበት።

"እኔ የምለው፣ አዲሱ ሜዳ ባያልቅስ? ባያልቅ ምን እንደሚሆን የተፈራረማችሁት ነገር አለ ወይ? ከሌለ መጀመሪያ አዲሱን ይሥሩት። ሲያልቅ ያን ጊዜ አሮጌውን እንለቃለን።"

አዳራሹ ውስጥ አንዳንድ ራስ መነቅነቅ ጀመረ። "ልክ ነው" የሚል ድምፅም ከኋላ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ወደ ጡሩምባ አየ። እሷም ተነሳች። ምን እንደምትል አስባ አልነበረም፤ አፏ ቀደማት።

"አይ ጋሽ ፖስታ! ዕድሜ ልክዎን ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው፣ አሁን ደግሞ የኳስ ሜዳም ቴምብር ካልተለጠፈበት አላምንም አሉ!"

ሳቁ አዳራሹን ናጠው። ከበሮ መቺው መካኒክ ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ፖስተኛውም ፈገግ አለ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልበርድ ሲል ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"እስከ መቼ ዝናብ በራሳችን ላይ እየወረደ ኳስ እናያለን?" አለች ጡሩምባ በዚያ በሚታወቀው ድምፅዋ። "የተስማማ፣ እጅ!"

ከሁሉም ቀድሞ የወጣው የእሷ እጅ ነው። ከዚያ የመካኒኩ፣ ከዚያ የአዳራሹ ሁሉ። ጭብጨባው ሲቀልጥ ወደ ፖስተኛው ዞር ብላ አየች። እጁን አላወጣም። ጫማውን ነበር የሚያየው።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ትራሱን ተደግፎ ይጠብቃታል።

"እህሳ እቴ? ምን ወሰኑ?"

"ይለቀቅ አሉ፣ ወንድም ጋሼ።"

"አንቺስ?" አላት።

ያን ጊዜ እውነቱን ብትናገር ምናልባት ይቆጣት ነበር፣ ሁለት ቀን ያኮርፍ ነበር፣ በዚያው ያልፍ ነበር። እሷ ግን የአጥሩን ድምፅ አሰበች። እሁድ እሁድ በእጁ እየዳሰሰ የሚሄድበትን መንገድ አሰበች፤ አዳራሹ ውስጥ ሳለች ይህ ነገር አንዴም ትዝ አላላትም ነበር።

"እኔማ እጄን አላወጣሁም" አለች።

"አውቃለሁ" አላት። "አንቺ እንደማታደርጊው አውቃለሁ።"

አሮጌው ሜዳ በቆርቆሮ ታጠረ። ትሪቡኑ ፈረሰ፣ የብረት አጥሩ ተነቅሎ በጭነት መኪና ሄደ፣ መሃል ሜዳው ላይ ትልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። ከዚያ ሥራው ቆመ። ድርጅቱ ገንዘብ አጠረው አሉ፣ ባለቤቶቹ ተጣሉ አሉ፣ ብዙ ተባለ። ከጡብ ፋብሪካው ወዲያ ያለው ቦታም ድንጋይና እሾህ እንደሆነ ቀረ። ሊቀመንበሩ ሥራውን ለቀቀና ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ጡሩምባን ለአንድ ዓመት መለያ አሰፍተዋት ነበር፤ ከዚያ ክለቡ የተዘጋጀ መግዛት ጀመረ። የሰፋቻቸው መለያዎች ላይ ቁጥር ስትለጥፍ እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር ስታስታውስ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች።

ደጋፊው ትልቁ ስታዲየም ለመድረስ ከምሳ በፊት አውቶቡስ ይሳፈራል። ስታዲየሙ የሌላ ነው፤ ወንበሩ የሌላ ክለብ ቀለም ነው፣ በራፉ ላይ ያለው ዘበኛ "እናንተ የየት ናችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። በገዛ ሜዳችን እንጫወታለን እያሉ እንግዳ የሆኑት እነሱ ናቸው። በተሸነፉ ቁጥር የመልስ መንገዱ የድሮው ሜዳ ወሬ ነው።

"እዚያ ቢሆን ይሄ ጎል አይገባብንም ነበር" ይላል መካኒኩ ከበሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

"እዚያማ ኳሷ አንሶላ ላይ ታርፍና ሰዓት ትበላልን ነበር" ይላል ሌላው፤ ይሳቃል።

"የትሪቡኑ እንጨት ሲረጥብ ይሸት የነበረው ሽታ ራሱ ናፈቀኝ።"

እንዲህ ሲባል ጡሩምባ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ማንም አንድ ቀን "አንቺ ነሽ" ብሏት አያውቅም። ሁሉም እጁን አውጥቷል፤ ማን ማንን ይወቅሳል? እሷ ግን ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር። ቀስ በቀስ ዘፈን ማስነሳቱን ተወች። ጉሮሮዬን አሞኛል አለች፤ አመኗት ወይም ያመኗት መሰሉ።

ወንድሟ ትልቁ ስታዲየም የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደረጃው ብዙ ነው፤ ክንዷን ይዞ ሲወጣ ሰው እየገፋው አለፈ። የተቀመጡበት ቦታ ከሜዳው ሩቅ ነበር፤ በመሃል ደግሞ የሩጫ መም አለ። ጨዋታው ሲጀመር አንገቱን ወደፊት አስግጎ አዳመጠ። ድምፅ ማጉያው የሳሙና ማስታወቂያ ያሰማል፣ የሰው ጩኸት ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል።

"ኳሷ የት ናት?" አላት።

"በእነሱ በኩል ናት፣ ወንድም ጋሼ።"

"የቱ ነው የእነሱ በኩል?"

ልትነግረው ሞከረች። ቃሏ ከሜዳው ላይ ካለው ነገር እየዘገየ አስቸገራት። ጎል ሲገባ ሰው ብድግ አለ፤ እሱ ማን እንዳገባ ሳያውቅ ከሰው ጋር ተነሳና ግራ ገብቶት መልሶ ተቀመጠ። እጁን ወደፊት ዘርግቶ የሚይዘው ነገር ሲፈልግ አየችው። የፊተኛው ሰው ጀርባ ብቻ ነበር ያገኘው። "ይቅርታ" አለ ለሰውየው።

በእረፍት ሰዓት "ቤት እንሂድ" አላት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

እሁድ እሁድ ፖስተኛው ይመጣል። ጡሩምባ በአውቶቡስ ካልሄደች ሻይ ታፈላለች። ሁለቱ ሬዲዮ ከፍተው ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ ወንድሟ ነጥቦቹን በጣቱ ይዳስሳል። ቡድኑ ሲሸነፍ ሁልጊዜ ወሬው እዚያው ይደርሳል።

"እነዚያ እጃቸውን ያወጡ ሰዎች" ይላል። "እስክሞት ድረስ ይቅር አልላቸውም። እጇን ያላወጣች ይቺ እህቴ ብቻ ነች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ እሷ ብቻዋን እምቢ አለች። አይደለም እንዴ ጋሽ ፖስታ?"

ፖስተኛው ሻዩን አንስቶ ይጠጣል። "ጨዋታህን ተጫወት" ይለዋል።

ጡሩምባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላታል። በጓዳው በኩል ትወጣና ምንም ሥራ ሳይኖራት ሰሃን ታጥባለች። ለቤት እንግዳ፣ ለሱቅ ደንበኛ፣ ለጎረቤት ልጅ ሁሉ ይኸንኑ ይናገራል። አንዴ እንዲያውም አዲስ ለተከራዩ ጎረቤቶች "እህቴ ናት፣ በሰፈሩ አንድ ቀጥ ያለ ሰው ካለ እሷ ናት" ብሎ አስተዋወቃት። ሰዎቹ በአክብሮት ብድግ ብለው ጨበጧት። በዚያች ቀን የአንዲት ሴት ቀሚስ እጅጌውን ግራና ቀኝ አለዋውጣ ሰፋች፤ መልሳ ስትፈታው መርፌው ጣቷን ወጋት፤ "ይገባኛል" አለች ለራሷ።

ነገሩ የፈነዳው የደጋፊዎች ማኅበር ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አቤት ለማለት በቆረጠ ጊዜ ነው። ከከተማው ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። መካኒኩና ሌሎች ሁለት ሰዎች ወንድሟን ሊያማክሩ ቤት መጡ፤ የድሮ ሰው ነው፣ ይከበራል። ፖስተኛውም እዚያው ነበር። ጡሩምባ ሻይ ይዛ ገባች።

"እኔን ምን ታማክራላችሁ?" አለ ወንድሟ። "ሴትዮዋ ቤት ውስጥ እያለች! እህቴ ትናገር። ያን ጊዜ እጇን ያላወጣች እሷ ብቻ ናት። እሷ ስትናገር ማንም 'አንቺም ተስማምተሽ ነበር' ሊላት አይችልም።"

መካኒኩ ቀልድ መሰለው። "እሷ?" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። "ጋሼ ደግሞ! የቴምብሩን ቀልድ የቀለደችው እሷ አይደለች..."

"አንተ!" አለ ፖስተኛው። ያ ቀጭን ድምፁ እንዲህ ሲጮህ ማንም ሰምቶ አያውቅም። የመካኒኩ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ።

ወንድሟ ፊቱን ወደ መካኒኩ፣ ከዚያ ወደ ፖስተኛው፣ ከዚያ ጡሩምባ ትሪ ይዛ ወደቆመችበት አዞረ። "ምን ሊል ነው?" አለ።

አሁንም ልታመልጥ ትችል ነበር። መካኒኩ ነገሩ ገብቶት "እንዲያው ቀልዴን ነው" ለማለት አፉን ከፍቷል፤ ፖስተኛው ሌላ ወሬ ሊያነሳ ጉሮሮውን ጠርጓል። ሁሉም ሊያወጧት ተዘጋጅተው ነበር። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እጄን አውጥቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ከሁሉም ቀድሜ። ጋሽ ፖስታ ሊያስቆመን ሲሞክር ሰው ፊት የቀለድኩበትም እኔ ነኝ። ሰው እጁን ያወጣው እኔ ስላወጣሁ ነው።"



"ማን ያውቃል ይሄንን?" አለ ወንድሟ።

"ሁሉም።"

"ጋሽ ፖስታም?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ" አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ለማሳቅ አልነበረም ያለው። "እጅሽን ማውጣትሽን ተይው። ሰው ይሳሳታል። ግን በየሰው ፊት ስለፈልፍ፣ እንደዚያ ሳመሰግንሽ፣ እያየሽኝ ዝም አልሽ። ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ እንደ ሞኝ ሳወራ ሻይ ትቀጂ ነበር።"

ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱ አስቀድሞ አላናገራትም። ምግብ ስታቀርብ ይበላል፤ "ተባረኪ" የሚለውን ግን ተወው። ሐኪም ቤት ሲሄድ ፖስተኛውን ያስጠራል። የሸሚዙ ቁልፍ ወድቆ አየችና ልትተክልለት ብትጠይቀው "ይቅር" አላት። ሳምንት ሙሉ ከእሱ የሰማችው ቃል ያ ብቻ ነበር።

ፖስተኛው ዘንድ ሄደች። ደጃፉ ላይ ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል።

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለችው። "ዘግይቻለሁ።"

"የትኛውን?" አላት፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "የቴምብሩን ከሆነ ቀልዱ ጥሩ ነበር። እዚያው እኔንም ሊያስቀኝ ነበር። ያመመኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።"

"ለምን ዝም አሉልኝ? በየሳምንቱ 'አይደለም እንዴ' እያለ ሲጠይቅዎ?"

"ላንቺ ብዬ አይደለም" አላት ፖስተኛው። ክፉ ድምፅ አልነበረውም፣ ግን አላለሳለሰውም። "ሜዳው ሄዷል። ዓይኑ ሄዷል። የሚኮራበት አንድ ነገር ቢቀረው አንቺ ነበርሽ። እሱን ደግሞ እኔ ልወስድበት? አልቻልኩም። ደግ አድርጌያለሁ አልልሽም፤ አሁን ከአንቺ ይልቅ እኔን ነው የተቀየመው መሰለኝ።"

ይህንን ስትሰማ ባሰባት። ጥፋቷ የእሷ ብቻ አልነበረም ለካ፤ ሌላ ሰውም አሸክማ ኖራለች።

"ማዘጋጃ ቤት እርስዎ ይናገሩ" አለችው።

"እኔን ማን ይሰማኛል?"

"እንዲሰሙዎት አደርጋለሁ።"

ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ አዳራሽ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሌሎች ሰፈሮችም የየራሳቸውን አቤቱታ ይዘው መጥተዋል። ተራቸው ሲደርስ ፖስተኛው ተነሳ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ የመሬት ክፍል ኃላፊዋ "አይሰማም፣ አይሰማም" አለች። ያን ጊዜ ጡሩምባ ከጎኑ ቆመች። እሱ አንድ ነገር ይላል፤ እሷ ያንኑ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በዚያ በሚያውቋት ድምፅ ትደግመዋለች። አዳራሹ ዞሮ አያቸው። ስለ ጉድጓዱ ተናገረ፤ ተናገረች። ስለ አውቶቡሱ፣ ከጡብ ፋብሪካው ወዲያ ያለው ቦታ ለኳስ ሜዳ ተብሎ ተሰጥቶ ድንጋይ ሆኖ ስለመቅረቱ ተናገረ፤ ደገመችው።

"እሺ፣ እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?" አለች ኃላፊዋ ወደ እሷ እያየች።

"ያን ጊዜ ሜዳው እንዲለቀቅ ሰዉን ያስማማሁ እኔ ነኝ" አለች ጡሩምባ። "ይሄ ሰውዬ አስጠንቅቆ ነበር። ሳቅንበት። ያሳቅሁት እኔ ነኝ።"

ከኋላዋ የተቀመጡት ደጋፊዎች ውስጥ አንድ ሁለቱ "ሁላችንም ነን እንጂ" ብለው አጉረመረሙ። እሷ አልዞረችም። እንዲያጽናኗት አልፈለገችም።

የድሮው ሜዳ አልተመለሰም። ያ መሬት በሕግ የድርጅቱ ነው፤ ጉድጓዱም ዛሬ ድረስ አለ፣ ክረምት ክረምት ውሃ ይሞላል። ከጡብ ፋብሪካው ወዲያ ያለው ቦታ ግን የክለቡ መሆኑ ተረጋገጠ። ትሪቡን የሚሠራ ማንም የለም፤ የሊግ ጨዋታ አይፈቀድበትም። ለልምምድና ለታዳጊዎች ቡድን ግን ብታጸዱት ተጠቀሙበት ተባሉ። ከጠበቁት ያነሰ ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል አሉና ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋይ መልቀም ጀመሩ።

ጡሩምባ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። እጇ ተሰነጣጠቀ፤ ክር መርፌ ውስጥ ስታስገባ የጣቷ ቁስል እያመማት ሥራ ይጓተታል። መካኒኩ አፉ አያርፍም። "ጡሩምባ፣ ይሄን ትልቅ ድንጋይ እናንሳ የሚል እጅ ያውጣ በይ እስቲ!" ይላታል። ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን ፊቷ ይግላል። አንዲት ጎረቤቷ አንድ ቀን "አሁንስ ይብቃሽ፣ ራስሽን አትግደይ" አለቻት። "ድንጋዩን እኮ ነው የማነሳው" አለች ጡሩምባ። 

ሜዳው ደልዳላ ነገር ሲሆን፣ የጎል ቋሚ ተተክሎ ኖራ ሲሰመርበት፣ ታዳጊዎቹ የመጀመሪያውን የልምምድ ጨዋታ አደረጉ። ሰፈሩ ግማሹ መጣ። አጥር የለም፣ መቀመጫ የለም፤ ሰው በቆመበት ወይም ባገኘው ድንጋይ ላይ ነው። ወንድሟ የፖስተኛውን ክንድ ይዞ መጣ፤ ሁለቱ ከታረቁ ሳምንታት ሆኗቸው ነበር። ፖስተኛው ጎሉ ጀርባ የተጣለ የሲሚንቶ ቱቦ ላይ አስቀመጠው። ጡሩምባ ስታየው ወደ ወዲያኛው ጎል ሄደች። በእሱ ዘንድ መቆም አልደፈረችም።

ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም፤ ልጆቹ ተያይዘው ኳሷን ይከተላሉ፣ በረኛው ጫማው ወልቆ ይሮጣል። ግን ማንም "እናንተ የየት ናችሁ?" ብሎ አልጠየቃቸውም። መካኒኩ ከበሮውን መታ። ሰው ወደ ጡሩምባ አየ፣ ጠበቃት። አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ እንቢ አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ሰው ዘፈኑን አስነሳው፤ ትንሽ ሳይገጥም፣ ትንሽ ዘግይቶ። እሷ አጨበጨበች።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ እንጫወት አሉ፣ ወላጅ ጮኸ፣ ሰው ተበታተነ። ጡሩምባ ወደ ቱቦው ሮጠች። ፖስተኛው በላስቲክ ወንድሟን ሊሸፍን ይታገላል፤ ነፋሱ ላስቲኩን ይነጥቀዋል። አንዱን ጫፍ ያዘች። ሦስቱም ከላስቲኩ ሥር ተጠጋግተው ቆሙ። ወንድሟ እሷ መሆኗን አወቀ፤ በእስትንፋሷ ይሁን በምን አይታወቅም። ዝናቡን አዳመጠ።

"ልብስ አስጥተሽ ነበር?" አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ራሱ ጀምሮ ሲያናግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። "አዎ" አለች።

"ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? ሩጪ።"

ሮጠች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየያዛት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ቤት ስትደርስ ልብሱ ውሃ እየጠጣ ገመዱ እስከ መሬት ተንጠልጥሏል፤ ሊተርፍ የሚችል ልብስ አልነበረም። እዚያው ተወችውና ጃንጥላ ይዛ ተመለሰች።

ፖስተኛው ወደ ቤቱ ሊሄድ ቸኩሏል። ወንድሟ ቱቦው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ክንዷን አጠገቡ አደረገች፤ አልነካችውም። እጁን ሰዶ ፈልጎ ያዛት። እስከ ቤት ድረስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለሚታጠበው ጫማ አወሩ። ስለ ሜዳው እሱ አላነሳም፤ እሷም ለማንሳት አልደፈረችም።